የኦፒዮይድ ሱስን በሠፈር ክሊኒክ ማከም

ኦፒዮይድ የሚለው ስያሜ ከፖፒ ተክል የሚገኙትን ሞርፊንና ኮዴይንን፣ ከሞርፊን የሚሠራውን ሄሮይንን፣ እንዲሁም በላቦራቶሪ የሚቀመሙትን ፈንታኒል፣ ሜታዶንና ትራማዶል የመሳሰሉትን መድኃኒቶች የሚያጠቃልል ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ ሕመምን የሚያስታግሱትም ሱስ የሚያስይዙትም በዋናነት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት ላይ ከሚገኙ «ሙ» ከተባሉ ተቀባዮች ጋር በመጣበቅ ነው። ተቀባይ ማለት በሕዋስ ገጽ ላይ ተተክሎ የሚገኝ፣ የሚስማማው ኬሚካል ሲያርፍበት ለሕዋሱ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ኦፒዮይድ ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገም ሕዋሳቱ ራሳቸውን ከእርሱ ጋር ስለሚያላምዱ፣ ተጠቃሚው የቀድሞውን ስሜት ለማግኘት መጠኑን መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ ባጣው ጊዜ ደግሞ የተላመደው አካል ሚዛኑን ስቶ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያመጣበታል፤ ይህም የማቋረጥ ሕመም ይባላል። እነዚሁ ተቀባዮች መተንፈስን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ውስጥም ስላሉ፣ ከመጠን ያለፈ ኦፒዮይድ እስትንፋስን አዳክሞ ይገድላል።

ይህን ሱስ በተራ የሐኪም ክፍል ማከም በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ወንጀል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በ1914 የወጣው የሃሪሰን ሕግ ሐኪሞች በሙያቸው ወሰን ውስጥ ኦፒየም ነክ መድኃኒት እንዲያዙ ቢፈቅድም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1919 ሱሰኛውን ባለበት ለማቆየት ብቻ ሞርፊን ማዘዝ እንደ ሕክምና አይቆጠርም ብሎ በመወሰኑ ብዙ ሐኪሞች ተከሰሱ፤ የቀሩትም እንዲህ ያለውን ታካሚ ከደጃፋቸው መለሱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በኒውዮርክ ሜታዶን በቀን አንድ ጊዜ ሲሰጥ የሄሮይን ፍላጎትን እንደሚገታ ቢያሳዩም፣ መድኃኒቱ የተፈቀደው ለልዩ ክሊኒኮች ብቻ ስለነበር ታካሚው በየማለዳው ተሰልፎ በነርስ ፊት መጠጣት ነበረበት። ክሊኒኩ በሌለበት ከተማ የሚኖር ወይም በማለዳ ሥራ የሚገባ ሰው ከዚህ ሕክምና ውጭ ይቀር እንደነበር ግልጽ ነው።

ነገሩን የቀየረው ቡፕረኖርፊን ነው። ከፖፒ ከሚገኘው ቴባይን ተነሥቶ በ1966 በእንግሊዝ የተቀመመው ይህ መድኃኒት በመጀመሪያ የታሰበው ለሕመም ማስታገሻነት ነበር፤ የሱስ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች ያመለከቱት በ1978 ነው። ሁለት ጠባዮቹ ለሐኪም ክፍል አመቺ ያደርጉታል። አንደኛው ከፊል አነቃቂ መሆኑ ነው፤ ማለትም በተቀባዩ ላይ ቢያርፍም እንደ ሄሮይን ሙሉ በሙሉ አያሠራውም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቢከፈት እንኳ ከመካከለኛ ነበልባል በላይ እንደማይወጣ ምድጃ፣ መጠኑ ሲጨምር እስትንፋስን የማዳከም ኃይሉ አንድ ጣሪያ ላይ ደርሶ ይቆማል። (ከአልኮል ወይም ከማረጋጊያ መድኃኒቶች ጋር ሲቀላቀል ግን ይህ ጥበቃ ይቀንሳል።) ሁለተኛው ከተቀባዩ ጋር እጅግ ጠብቆ መያያዙና በዝግታ መለየቱ ነው፤ በመሆኑም ታካሚው በላዩ ላይ ሄሮይን ቢወስድ እምብዛም አይሰማውም።

ይኸው ጠብቆ መያያዙ የሕክምናውን የመጀመሪያ ቀን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ያደርገዋል። ሙሉ አነቃቂው ኦፒዮይድ ገና በተቀባዩ ላይ ሳለ ቡፕረኖርፊን ቢገባ፣ ያንን አስለቅቆ በእርሱ ቦታ ደካማውን ማነቃቂያ ስለሚተካ ታካሚውን ብዙም ሳይቆይ ከባድ የማቋረጥ ሕመም ይይዘዋል። ስለዚህ ሄሮይን የመሰለ አጭር ዕድሜ ያለው ኦፒዮይድ ይወስድ የነበረ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት እንዲታገሥ ይነገረዋል፤ ከዚያም ሐኪሙ ወይም ነርሷ የልብ ምቱን ይቆጥራሉ፣ የዓይን ብሌኑ መስፋቱን ያያሉ፣ ላቡን፣ ማዛጋቱን፣ የአፍንጫውን መፍሰስ፣ የእጁን መንቀጥቀጥና የቆዳውን መውረር እያዩ 11 ጥያቄዎች ባሉት ሰንጠረዥ ነጥብ ይሰጣሉ። ድምሩ እስከ 48 ሊደርስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ8 እስከ 12 ባለው ነጥብ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው 2 ወይም 4 ሚሊግራም ይሰጣል። መድኃኒቱ ቢዋጥ አብዛኛው በጉበት ስለሚፈርስ ከምላስ ሥር ተቀምጦ እስኪሟሟ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያ እስኪሆንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ ብዙ አይወራም። በቀጣዮቹ ቀናት መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 16 ሚሊግራም ያድጋል። ታካሚው ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው ወይም አሟሙቶ በመርፌ እንዳይወጋው አብሮት ናሎክሶን ይጨመራል፤ ናሎክሶን ከምላስ ሥር እምብዛም ስለማይገባ ሳይታወቅ ያልፋል፣ በደም ሥር ቢወጋ ግን ኦፒዮይድን ከተቀባዩ አባርሮ የማቋረጥ ሕመምን ይቀሰቅሳል።

የዚህ ሕክምና ማስረጃ ከብዙ የተለመዱ መድኃኒቶች ማስረጃ የሚተናነስ አይደለም። በስዊድን 40 የሄሮይን ሱሰኞች ሁሉም የምክር አገልግሎት እያገኙ ግማሾቹ ለአንድ ዓመት ቡፕረኖርፊን፣ ግማሾቹ ደግሞ ከስድስት ቀን የመድኃኒቱ ቅነሳ በኋላ መድኃኒት የሌለበት እንክብል እንዲወስዱ ተደርጎ፣ በ2003 በወጣው ውጤት መሠረት ከመጀመሪያዎቹ 75 በመቶ የሚሆኑት በሕክምናው ሲቆዩ ከሁለተኛው ቡድን አንድም ሰው አልቀረም፤ ከእነርሱም አራቱ ሞተዋል። ፈረንሳይ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲያዝ ካደረገች በኋላ፣ ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ መጠን በማለፍ የሚከሰተው ሞት በ79 በመቶ ቀንሷል፤ ሌሎች ምክንያቶችም ድርሻ ቢኖራቸው እንኳ ቁጥሩ ችላ የሚባል አይደለም።

አሜሪካ በበኩሏ በ2000 ባወጣችው ሕግ መንገዱን ከፈተች፤ መድኃኒቱም በ2002 ጸደቀ። ይሁን እንጂ ሐኪሙ 8 ሰዓት ሠልጥኖ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣና በመጀመሪያ ከ30 በላይ ታካሚ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ገደቡም በኋላ ወደ 100፣ ቀጥሎም ወደ 275 ከፍ አለ። ብዙ ሰው ለሱስ የዳረገውን የሕመም ማስታገሻ ኦክሲኮዶን ለማዘዝ እንዲህ ያለ ፈቃድ አለመጠየቁን ላስተዋለ ሰው፣ ጥንቃቄው በተሳሳተው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ዋለ ማለት ይቻላል። ፈቃዱ በ2022 መጨረሻ ተሽሯል። በቦስተን የሕክምና ማዕከል የተጀመረው አሠራር ደግሞ ሌላውን ችግር፣ የሐኪም ጊዜ ማነስን፣ የፈታው ክትትሉን፣ የሽንት ምርመራውንና የስልክ ጥሪውን የሠለጠነች ነርስ እንድትይዝ በማድረግ ሲሆን፣ ሐኪሙ ውሳኔውንና ማዘዣውን ብቻ ይዞ ብዙ ታካሚዎችን እንዲያይ አስችሎታል።

«አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚለው ተቃውሞ እስካሁን አልጠፋም። ሱስ የሚባለው ግን ጉዳቱ እየታየ እንኳ መቆጣጠር ያልተቻለ ፍለጋና አወሳሰድ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ መድኃኒቱን ወስዶ ሥራውን የሚሠራና ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ኢንሱሊን ከሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ የሚለየው ነገር የለም። ይልቁንም አደገኛው ለጥቂት ቀናት ሰውነትን «አጽድቶ» መላክ ነው፤ ሰውነቱ መላመዱን ካጣ በኋላ ታካሚው ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለስ ሊሞት ይችላልና። መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ለሚከብደው ሰው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ቡፕረኖርፊን ከ2017 ጀምሮ አለ።

ገደቦቹም መታወቅ አለባቸው። ፈንታኒል በስብ ውስጥ ተከማችቶ ስለሚቆይ የመጀመሪያው ቀን ከሄሮይን ዘመን ይልቅ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ቡፕረኖርፊን ለጫት ወይም ለአልኮል ሱስ የሚሆን መድኃኒትም አይደለም። በአሜሪካ ዘመዱ በዚህ ሕመም የተያዘበት አንባቢ ዛሬ ልዩ ክሊኒክ መፈለግ አይጠበቅበትም፤ የቤተሰብ ሐኪሙን ቡፕረኖርፊን ያዝዙ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከማርች 2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደውን በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶንም ኦፒዮይድ ከመጠን ላለፈበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጥ።