ላፕቶፑ ፎርማት ሆነ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን ከየት እናውርድ?

ላፕቶፕ ፎርማት ያስደረገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማሽኑን ከጥገና ቤት ተቀብሎ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ጽሑፉ ሁሉ ትልልቅ ሆኗል፤ የስክሪኑ ብርሃን አይጨምርም አይቀንስም፤ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፤ ፕሮጀክተር ሲሰካበት ምንም አያሳይም። «በቃ ስክሪኑ ተበላሽቷል» ብሎ ለሌላ ወጪ የሚዘጋጅም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ስክሪኑ ደህና ነው። የጎደለው የግራፊክስ ድራይቨር ነው።

እኛም ደርሶብናል። ለዚህ ገጽ ቪዲዮ የምናቀናብርበት ላፕቶፕ ሁለተኛ እጅ ነው። አንድ ማታ «አዲሱ ይሻላል» ብለን ደህና ይሠራ የነበረውን ድራይቨር አጠፋንና አዲሱን ማውረድ ጀመርን። ግማሽ ላይ ፓኬጁ አለቀ። ካርድ ልንሞላ ስንል መብራት ሄደ። ለጠዋት የታሰበው ቪዲዮ ሳይወጣ ቀረ። ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ሻምቡም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ ተከታታዮቻችን እንዳትደግሙት ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

ድራይቨሩ መኖሩን በምን እናውቃለን?

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስና የግራፊክስ ቺፑ የሚግባቡበት ሶፍትዌር ነው፤ አስተርጓሚ በሉት። አስተርጓሚው ከሌለ ዊንዶውስ በራሱ መጠባበቂያ እየተንገታገተ ይሠራል።

ለማረጋገጥ የስታርትን ምልክት በቀኝ ክሊክ ንኩና «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኛችሁ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው።

ሁለቱ ምንጮች

ላፕቶፑ ላይ የተጻፈው ስም ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው የግራፊክስ ቺፕ ግን የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ሁለት ቦታ ይገኛል።

አንደኛው የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ያለው ነው። አምራቹ የቺፑን ባለቤት ድራይቨር ወስዶ ለዚያ ሞዴል ያስተካክለዋል፤ ከብርሃን ቁልፎቹ፣ ከባትሪውና ከሙቀቱ ጋር አስማምቶ ይሞክረዋል። ችግሩ፣ ይዘገያል፤ ሞዴሉ ሲያረጅም አዲስ ማውጣቱን ያቆማል።

ሁለተኛው ቺፑን የሠራው ኩባንያ ለሁሉም ላፕቶፕ ብሎ የሚያወጣው ነው፤ ጀነሪክ የሚባለው። ይሄኛው አዲስ ነው፤ ነገር ግን የአምራቹን ማስተካከያ ሊያጠፋው ይችላል። ይህንን ኢንቴል ራሱ ያስጠነቅቃል። እንዲያውም እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙ ላፕቶፖች የኢንቴልን ጀነሪክ ጨርሶ አይቀበሉም ነበር፤ «ከኮምፒውተሩ አምራች አምጡ» ብለው ይመልሱ ነበር። ኢንቴል ይህን ክልከላ በዚያው ዓመት ለ6ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ላሉት ቺፖች አነሳ።

ታዲያ የቱን?

የእኛ መልስ፦ በአምራቹ ጀምሩ። ወደ ጀነሪክ የምትሄዱት ግልጽ ምክንያት ሲኖራችሁ ብቻ ነው።

ለምን? አንደኛ፣ እዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን የምንይዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ትውልዱን ከቁጥሩ ማወቅ ይቻላል፤ ኮር አይ5-8250ዩ ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-10210ዩ ከሆነ ደግሞ 10ኛ። ኢንቴል ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ላሉት የግራፊክስ ቺፖች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ዋና ስህተቶችንና የደህንነት ክፍተቶችን ከማረም በቀር አዲስ ነገር እየጨመረ አይደለም። ስለዚህ «የቅርቡን ስጭን ማሽኔ ይፈጥናል» ብሎ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ዳታ ገንዘብ ነው። አንድ የግራፊክስ ድራይቨር ከመቶዎች ሜጋባይት ተነስቶ ወደ አንድ ጂቢ ሊጠጋ ይችላል። ሞክሮ ካልሆነ ሌላ ማውረድ ለተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም።

ጀነሪክ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

1. የአምራቹ ድራይቨር አርጅቶ የምትሠሩበት ሶፍትዌር አልቀበለውም ሲል። የቪዲዮ ማቀናበሪያና እንደ አውቶካድ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ ያጋጥማል። የኤንቪዲያ ካርድ ላላቸው «ስቱዲዮ ድራይቨር» የሚባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ የተዘጋጀ ነው።

2. በአምራቹ ድራይቨር ስክሪኑ የሚጠቁር፣ የሚርገበገብ ወይም ጌም የሚዘጋ ከሆነ።

3. አምራቹ ለምትጠቀሙት ዊንዶውስ ምንም ካላወጣ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው። ሆኖም ቶሎ አትቸኩሉ፤ ለ64 ቢት ዊንዶውስ 10 የተሠራ ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ 11 ላይም ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ግራፊክስ ቺፕ ያላቸው የቆዩ ላፕቶፖች፣ በተለይ ኢንቴልና ኤኤምዲ አንድ ላይ ያሉባቸው፣ በጀነሪክ ብዙ ጊዜ ይታወካሉ። እነሱን በአምራቹ ድራይቨር ተዉአቸው።

ስትጭኑ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

መጀመሪያ ከላፕቶፑ ሥር ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን አንብቡ፤ ዴል ላይ «ሰርቪስ ታግ» ይባላል። ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ የእናንተ ማሽን ድራይቨር ብቻ ይወጣል። «ድራይቨር በነጻ እናድሳለን» ከሚሉ የማይታወቁ ድረ ገጾችና ፕሮግራሞች ራቁ፤ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አውርዱ። የቆየውን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ «ሪስቶር ፖይንት» ፍጠሩ፣ ባትሪውን ሙሉ፣ ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ጫኑ። የባትሪው ዕድሜ ካለቀ መብራት በማያስተማምንበት ሰዓት አትጀምሩ።

ካልተስማማ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል። ስክሪኑ በድንገት ቢጠቁር ደግሞ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል።

ፍላሽ ላይ አስቀምጡት

የመጨረሻውና ትልቁ ምክራችን ይሄ ነው። የሠራላችሁን ድራይቨር ሞዴሉን ጽፋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ የዋይፋዩንም ድራይቨር አብራችሁ። ፎርማት በተደረገ ማሽን ዋይፋዩ ራሱ እምቢ ካለ ግራፊክሱን በምን ታወርዳላችሁ?

በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ላፕቶፑን ፎርማት ያስደረገ ሰው «አውርደው» የሚል ምክር ምን ያደርግለታል? ፍላሹ መሳቢያው ውስጥ ያለ ሰው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምታቀርቡ ተማሪዎች ደግሞ ከቀኑ በፊት ላፕቶፓችሁን ፕሮጀክተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሰርቶ ከታየ እስክታቀርቡ ድረስ ምንም አታድሱ። የሚሠራ ድራይቨር አይነካም።

የላፕቶፓችሁን ሞዴልና የገጠማችሁን ችግር ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የምናውቀውን እንመልሳለን። ሰሞኑን ፎርማት ሊያስደርግ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት።