ተገጣጣሚ ሥዕል፤ የሐሳብ ማሳረፊያና የመደብር ዕቃ

ነጋዴ ሱቁን ቢዘጋም ሒሳቡ ተከትሎት ወደ ቤቱ ይገባል። በወደብ የቆየው ዕቃ፣ ከባንክ የሚጠበቀው ፈቃድ፣ ቀኑ ያለፈበት ዱቤ ከእራት በኋላም በሐሳቡ ይመላለሳሉና፣ አካሉ ዐርፎ ሳለ አእምሮው ሥራውን አይለቅም። ለእንዲህ ያለው ድካም መድኃኒቱ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አለመሆኑን ብዙዎች ከኑሯቸው ተረድተውታል፤ አእምሮ ከያዘው ነገር የሚላቀቀው ሌላ የሚይዘው ሲያገኝ ነውና። በዚህ ረገድ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ፣ ለተጫዋቹ ዕረፍት ለሻጩም ገበያ የሆነ አንድ ጨዋታ አለ። እንግሊዞች «ጂግሶ ፐዝል» ይሉታል፤ በአማርኛ ተገጣጣሚ ሥዕል ቢባል ያስኬዳል።

ነገሩ ቀላል ነው። የአንድ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ኅትመት በወፍራም ካርቶን ወይም በሥሥ ጣውላ ላይ ከተለጠፈ በኋላ፣ ጠርዛቸው ጉብና ጎድጎድ ወዳለ ብዙ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። ገዢው ቁራጮቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ፣ በሣጥኑ ክዳን ላይ የታተመውን ሥዕል እየተመለከተ፣ የአንዱን ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ እያገጠመ ሥዕሉን መልሶ ሙሉ ያደርገዋል። ሌላ ሕግ የለውም። ባላጋራም፣ ውርርድም፣ ተሸናፊም የለበትም። ሰንጠረዥና ገበጣ የከበሩ ጨዋታዎች ቢሆኑም ከማዶ የተቀመጠ ተቃዋሚ ስላለባቸው፣ ቀኑን በዋጋ ሲከራከር ለዋለ ሰው ማታም ሌላ ክርክር ይሆኑበታል። ከዚህም በቀር ነጋዴ ዕቃ ሲያዝ ወይም ቡና ሲልክ ገበያው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አስቀድሞ አያውቅም፤ በተገጣጣሚው ሥዕል ግን ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ቦታ ተዘጋጅቶለታል፤ ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል። የጨዋታው ዕረፍትነት ከሁሉ ይልቅ የሚመጣው መልሱ መኖሩ የተረጋገጠ ከመሆኑ ነው። ዕቃው በደኅና ጊዜ ሳይሆን በክፉ ጊዜ ይበልጥ የሚሸጥበትም ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው የተጀመረው ለዕረፍት ሳይሆን ለትምህርት ነበር። በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ቀራጭ፣ የንጉሡ ካርታ ሠሪ በነበረው በቶማስ ጄፈሪስ ዘንድ ሙያውን ከተማረ በኋላ፣ ካርታዎችን በሥሥ ጣውላ ላይ እየለጠፈና በየአገሩ ወሰን እየቈረጠ ለልጆች የመልክዐ ምድር ትምህርት መሸጥ ጀመረ። ካርታዎቹ የዓለምን፣ የአውሮፓን፣ የእስያን፣ የአፍሪካንና የአሜሪካን፣ እንዲሁም የእንግሊዝንና የዌልስን፣ የአየርላንድንና የስኮትላንድን መልክ የሚያሳዩ ነበሩ። ስፒልስበሪ ጥሩ ነጋዴም እንደ ነበረ ከአንድ ነገር ይታወቃል፤ ባሕሩ የተነሣለትን ካርታ ከሙሉው በርካሽ ዋጋ ያቀርብ ነበር። ባሕር ጣውላ ይበላልና፣ አቅሙ ያነሰ ደምበኛ የብሱን ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር። የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ልጆች ሞግዚት የነበሩት እመቤት ሻርሎት ፊንችም መሳፍንቱን በእንደነዚህ ያሉ ካርታዎች አስተምረዋል። ስፒልስበሪ ራሱ በ1769 ስለ ሞተ የንግዱን መስፋፋት ለማየት አልበቃም።

አዋቂዎች ጨዋታውን ለራሳቸው የወሰዱት በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ነው። ያን ጊዜ ቁራጮቹ ከጣውላ በመጋዝ አንድ በአንድ የሚወጡ በመሆናቸው ዋጋው የሀብታም ዋጋ ነበር፤ በ1908 በአሜሪካ የአንድ ባለ 500 ቁራጭ ዋጋ 5 ዶላር ሲሆን፣ የመካከለኛ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 50 ዶላር ያህል ነበር። ሆኖም ፈላጊው በዛ። የታወቀው የጨዋታ ዕቃ ኩባንያ ፓርከር ብራዘርስ በ1909 ሌሎቹን ጨዋታዎች ትቶ ፋብሪካውን በሙሉ ለዚሁ ሥራ እስከ ማዋል ደረሰ። የዚያ ዘመን ሣጥን ክዳኑ ላይ ሥዕል አልነበረውም፤ ቁራጮቹም እርስ በርሳቸው ስለማይቆላለፉ እጅጌ ቢነካቸው የምሽቱ ድካም ሁሉ ይበተን ነበር። ለዕረፍት የተገዛ ዕቃ ትዕግሥትን እንዲህ መፈተኑ እንደ ጕድለት ሊቈጠርበት ይገባል።

ለነጋዴ እጅግ የሚያስተምረው ግን የ1932ና የ1933 ታሪክ ነው። በዚያ ወቅት የአሜሪካ ባንኮች በብዛት ተዘግተው፣ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያለ ሥራ ቀርቶ ነበር። ሕዝቡ እንጀራ ባጣበት ጊዜ ለጨዋታ ገንዘብ ያወጣል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ሊኖር አይችልም ይባል ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1933 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በሳምንት የሚሸጠው ተገጣጣሚ ሥዕል እስከ 10 ሚሊዮን ሣጥን እንደ ደረሰ ይገመታል።

ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ በመጋዝ ፈንታ የካርቶን መቁረጫ መኪና ሥራ ላይ ስለ ዋለ ዋጋው ወረደ፤ በ1932 መጸው ጀምሮ በጋዜጣ መሸጫዎች በየሳምንቱ አዲስ ሥዕል በ25 ሳንቲም ይቀርብ ነበር፤ ደምበኛውም እንደ ጋዜጣ የሚቀጥለውን ሳምንት እየጠበቀ ይመጣ ጀመር። ያንኑ ያህል እንኳ ያልነበረው ሰው ከመድኃኒት ቤትና ከመጻሕፍት ቤት በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ፣ ገጣጥሞ ሲጨርስ ይመልስ ነበር። የጥርስ ብሩሽን የመሰለ ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎችም ለገዢ በነጻ እየጨመሩ ይሰጡት ስለ ነበር፣ ቤተ ሰቡ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ሲገጣጥምና ሲመለከት ያመሽ ነበር። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ማግኘት ያዳግታል። ሥራ የፈቱ አናጢዎችም በየቤታቸው ጣውላ እየቈረጡ ለጎረቤት በመሸጥና በማከራየት ዕለታዊ ኑሯቸውን ደጉመዋል። ገዢውን በተመለከተ፣ ምግብ ቤትና ትያትር ቤት መሄድ ያልቻለ ቤተ ሰብ በአንድ ሣጥን ብዙ ምሽት ያሳልፍበታል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰውም ማታ ቢያንስ አንድ የጀመረውን ነገር ይፈጽማል።

ከዚያ በኋላ የካርቶኑ ሥራ ጸንቶ ኖረ። በ1883 በጀርመን አገር የተቋቋመው ራቨንስበርገር ተገጣጣሚ ሥዕል ማምረት የጀመረው በ1964 ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ንግድ ከታወቁት አንዱ ነው። በዚያው በ1964 ስፕሪንግቦክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠዓሊውን የጃክሰን ፖሎክን «ኮንቨርጀንስ» በ340 ቁራጭ አወጣ፤ ቀለም የተረጨበት እንጂ ሰውም ዛፍም የሌለበት ሥዕል በመሆኑ ከሁሉ የከበደ እየተባለ ብዙ ገዢ አገኘ። ሰው ዕረፍት ፈልጎ ይህን ለምን እንደሚገዛ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር መልካም ነበር።

የ1933ቱ ዐይነት ነገር በ2020 እንደገና ታየ። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ ሲዘጋው ፈላጊው በጥቂት ሳምንት ውስጥ በዝቶ በብዙ አገር የመደብሮች መደርደሪያ ባዶ ቀረ። ፋብሪካዎቹ ወዲያው ሊደርሱለት አልቻሉም፤ ሠራተኛ እንዳይሰበሰብ ከመከልከሉም ሌላ፣ መቁረጫው ስለታም ጥፍጥፍ ብረት በእጅ እየታጠፈ የሚዘጋጅ የሳምንታት ሥራ ነውና።

ስለ ጤና ጥቅሙ ብዙ ይወራል። በ2018 የጀርመን የኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 100 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አትመዋል። ከፊሎቹ ለ30 ቀን በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሥዕል እንዲገጣጥሙ ተደርጎ ነበር። በመገጣጠም የተካኑትና ብዙ ዘመን የገጣጠሙት ሰዎች በማስተዋልና በማሰብ ችሎታ ከፍ ብለው ተገኙ፤ በ30 ቀን ብቻ ግን ቁም ነገር የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ሣጥኑን የአእምሮ መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ከተረጋገጠው አልፎ ይናገራል። ዕረፍት መሆኑን ብቻ ቢናገር ይበቃዋል፤ ለደከመ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጀማሪ ከ300 ወይም ከ500 ቁራጭ ቢነሣ ይሻለዋል። አስቀድሞ ቁራጮቹን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ላይ ገልብጦ፣ አንዱ ጎናቸው ቀጥ ያለውን ለይቶ ዳሩን ይሠራል፤ ከዚያም የቀሩትን በቀለም በቀለም በሳሕን ላይ ይከፍላል። ቤት፣ ጽሕፈትና ልብስ ያለበት ስፍራ ይቀድማል፤ ሰማይና ውሃ ወደ መጨረሻ ይቈያሉ፤ በዚያን ጊዜ ቀለም ስለማይረዳ የቁራጩን ቅርጽ ብቻ መከተል ይቀራልና። ጠረጴዛው ለእራት የሚፈለግ ከሆነ ሥራውን በጣውላ ላይ ጀምሮ ከነጣውላው ማንሣት ይቻላል። መብራቱ ከጎን ቢመጣ የኅትመቱ ልስላሴ ዐይን አይወጋም። ስፔን አገር በቫላዶሊድ ከተማ በሚደረገው የዓለም ውድድር 500 ቁራጭ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጨርሱ አሉ፤ ይህ ግን ሩጫ እንጂ ዕረፍት አይደለም። በቤት የሚገጣጥም ሰው ሰዓቱን ወደ ሌላ ክፍል ቢወስደው ይሻላል።

ዕቃውን አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል። ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ ከይዘቱ በጣም የሰፋ ነው፤ ስለዚህ የማጓጓዣው ሒሳብ በክብደት ሳይሆን በስፋት የሚቈረጥ እንደ ሆነ አየር የሚከራይበት ዕቃ ይሆናል። የካርቶኑን ጥራት ለማወቅ ናሙና ከፍቶ ጥቂት ቁራጮች አገጣጥሞ አንዱን ጫፍ ይዞ ማንሣት ነው፤ ጥሩው ተያይዞ ይነሣል፣ መጥፎው ይፈርሳል፤ መጥፎው ደግሞ ወረቀቱ ከጀርባው ይላቀቃል፣ በሣጥኑም ውስጥ ብዙ ብናኝ ይገኛል። ካርቶን እርጥበት ስለሚጠጣ በክረምት ከግድግዳና ከወለል ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያበጠ ቁራጭ ከቦታው አይገባምና። ትንንሹን ቁራጭ ሕፃን ሊውጠው ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትልልቅ ቁራጭ ያለውን ማቅረብ ግዴታ ነው።

ቁጥሩም የራሱ ጠባይ አለው። ባለ 1000 ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ በአንድ ረድፍ 38፣ ከላይ ወደ ታች 27 ቁራጭ ስላላቸው ጠቅላላው 1026 ይሆናል፤ ከዚህም ዳሩ 126፣ ማለት ከስምንት አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ደምበኛ ተርፎኛል ብሎ ቢመጣ ማጭበርበር አይደለም። ጐደለብኝ ብሎ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ቁራጭ ጉድለት ዋጋውን ከሺህ አንድ ሳይሆን በሙሉ ያጠፋዋል፤ ብዙ ምሽት የደከመበት ሰው በሥዕሉ መካከል የሚያየው ያችን ቀዳዳ ብቻ ነውና። በዚህ ምክንያት ሻጩ ፋብሪካው ያሸገውን ሣጥን በመደብር ውስጥ እንዳይከፈት መጠበቅ፣ ለማሳየት የተከፈተውንም ለብቻው ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። የተጠቀሙበትን የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ደግሞ ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ሲገጠም አይቶ ቢረከብ፣ ቁራጮቹንም በከረጢት አስሮ ሙሉ መሆኑን የተረጋገጠበትን ቀን በላዩ ቢጽፍ ደምበኛው ያለ ጥርጥር ይወስደዋል።