ስለ ቆረቆር ምእመናን የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

በሙጃና በአካባቢዋ አጥቢያዎች ስለ ጤና ስናስተምር የልጆች ፀጉር መርገፍ ደጋግሞ ይነሣል። ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከምን ይመጣል? በራስ ላይ ቅርፊት እያወጣ ፀጉርን በየቦታው የሚያረግፈው ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው እንጂ የእርግማን ውጤት አይደለም። በጋራ ምላጭ፣ ማበጠሪያ፣ ቆብና መኝታ ይተላለፋል። ስለዚህ በአንድ ጎጆ የሚያድሩ፣ በአንድ ምላጭ የሚላጩ የአብነት ተማሪዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ቅባት አይበቃም? አይበቃም። ፈንገሱ እስከ ፀጉሩ ሥር ስለሚዘልቅ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅርፊቱ ጠፋ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል? በጊዜው ከታከመ አዎን። ቆስሎ ጠባሳ ከጣለ ግን ቦታው መላጣ ሆኖ ይቀራል።

ጠበል የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒት ይወስዳልን? ይወስዳል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምረናል።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤያት እያንዳንዱ የአብነት ተማሪ የራሱ ምላጭ እንዲኖረው፣ የታመመውም ልጅ ሳይነወር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላክ ያደርጉ ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን።