መኪናዎ በዛሬ ዋጋ፣ ኢንሹራንስዎ በድሮ ዋጋ

ከሥራ ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ አስፋልቱ ያንሸራትታል። ከፊትዎ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ይቆማል። ፍሬን ይይዛሉ፤ መኪናዋ ግን እሺ አላለችዎትም። ኮፈኑ ተቆልምሟል፣ የፊት መብራቱ ረግፏል፣ ራዲያተሩ ይፈሳል። ድንጋጤው በረድ ሲል አንድ ሐሳብ ያጽናናዎታል፦ «ተመስገን፣ ኢንሹራንስ አለኝ።»

አዎ፣ አለዎት። ጥያቄው ግን ምን ያህል አለዎት የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ውሉን የምናነበው ከአደጋው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንበብ እንጂ ማስተካከል አይቻልም። እስቲ ዛሬ፣ መኪናውም ቤቱም ደህና ሳለ፣ ፋይሉን ከመሳቢያ አውጥተን አብረን እንየው።

መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር

ውሉ ላይ ንብረቱ የተመዘገበበት የገንዘብ መጠን አለ። ያ ቁጥር የተጻፈው መቼ ነው? መኪናዋን ሲገዙ ከሆነና በየዓመቱ «እንዳለ ይታደስ» እያሉ ከመጡ፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ያውቃሉ። የመኪናውም፣ የመለዋወጫውም፣ የብረቱም፣ የሲሚንቶውም ዋጋ ሲወጣ አይተዋል። ውልዎ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

እንበልና መኪናዎ በ900 ሺህ ብር ዋስትና ተገብቶላታል። ዛሬ ገበያ ላይ የምታወጣው ግን 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው። ጋራዡ ለጥገናው 480 ሺህ ብር ጠየቀ። «ከ900 ሺህ ስለሚያንስ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብለው ያስባሉ። እንዲህ ላይሆን ይችላል። ንብረትዎን ከዋጋው በታች ካስመዘገቡ ለጎደለው ያህል ራስዎ ዋስ እንደሆኑ ይቆጠራል። 900 ሺህ የ2 ሚሊዮን 400 ሺህ 37.5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የሚከፈልዎ የጉዳቱ 37.5 በመቶ፣ ማለትም 180 ሺህ ብር ይሆናል። ቀሪው 300 ሺህ ብር ከኪስዎ ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ አደጋ መድን ገቢው ራሱ የሚሸፍነው «ኤክሰስ» የሚባል ድርሻ አለ። መኪናዋ አሮጌ ከሆነች ደግሞ አዲስ መለዋወጫ ሲገጠምላት የእርጅና ቅናሽ ሊደረግ ይችላል።

«እንግዲያውስ ከፍ አድርጌ አስመዘግባለሁ» ቢሉም አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት መድን ካሳ እንጂ ማትረፊያ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ የሚከፈለው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም። በ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕጉ ሲሻሻልም ስለ መድን የሚናገረው ክፍል በነበረበት ጸንቷል። ከልክ በላይ ካስመዘገቡ ትርፍ አረቦን ይከፍላሉ እንጂ ትርፍ ካሳ አያገኙም።

ቤትዎስ?

ቤት ላይ ስሌቱ ይለያል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ውድ የሚሆነው በአብዛኛው በቦታው ነው። ቦታ ግን አይቃጠልም። ስለዚህ ለመድን የሚያስፈልገው የመሸጫው ዋጋ ሳይሆን «ይህ ቤት ዛሬ እንደገና ቢሠራ ስንት ይፈጃል?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው። አንድ መሐንዲስ ወይም የምታውቁት ተቋራጭ ሒሳቡን ሊሠራላችሁ ይችላል።

ቤቱን በባንክ ብድር ከገዙ ኢንሹራንስ እንዲገቡ ባንኩ ራሱ አስገድዶዎት ይሆናል። ታዲያ ሽፋኑ በቀረው ዕዳ ልክ ብቻ ከሆነ ባንኩን ያድናል እንጂ ቤተሰብዎን መልሶ ቤት አያስገባም። ውሉ የማንን ጥቅም እንደሚጠብቅ ይዩ።

ሌላው፣ የተለመደው የቤት ዋስትና የእሳትና የመብረቅ ነው። ጎርፍ፣ የውሃ ቧንቧ መፈንዳት፣ ስርቆት፣ ሁከት አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ሶፋው፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑም ከሕንፃው ተለይተው ይመዘገባሉ። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የራስዎ ክፍል አንድ ነገር ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃውና የጋራ ግድግዳው ሌላ ነው። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «የጋራውን ማን አስገብቶታል?» ብለው ይጠይቁ።

ግዴታው ብቻ ይበቃል?

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ይህ መድን እርስዎ በሌላው ላይ ላደረሱት ጉዳት ነው፤ የራስዎን መኪና አይጠግንም። ጣሪያም አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100 ሺህ ብር ነበር። መጠኑ በደንብ የሚሻሻል ስለሆነ በሚያድሱ ጊዜ የወቅቱን ጣሪያ ያረጋግጡ። ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ የእርስዎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ሙሉ ሽፋን ሲገቡ የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ስንት እንደሚያስጨምር መጠየቅ አይርሱ።

እግረ መንገድዎን ይህንንም ለቤተሰብ ይንገሩ፦ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና በሰው ላይ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ካደረሰ ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ሳያውቁ ሐዘናቸውን ብቻ ይዘው የቀሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ያልተናገሩት ነገር

አረቦኑ የሚሰላው በመኪናው ዓይነትና ዕድሜ፣ በዋጋው፣ ለምን አገልግሎት እንደሚውልና ቀደም ሲል ካሳ ጠይቀው እንደሆነ ታይቶ ነው። ዓመቱን ያለ አደጋ ከጨረሱ ቅናሽ ይኖራል፤ ካልሰጡዎት ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ ራስዎን ይጠይቁ። መኪናዋ «ለግል አገልግሎት» ተብላ ተመዝግባ ሳለ ወንድምዎ ማታ ማታ በመተግበሪያ እየተጠራ ተሳፋሪ ያመላልስባታል? ግቢው ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ለእንጨት ሥራ ተከራይቷል? ኑሮ ተወዶ ነውና ማንም አይፈርድብዎትም። መድን ሰጪው ግን ማወቅ አለበት። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 667 ሲዋዋሉ የሚያውቁትን ሁሉ በትክክል እንዲናገሩ ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 668 ደግሞ አውቀው የደበቁት ነገር ስጋቱን አሳንሶ አሳይቶ ከሆነ ውሉ ዋጋ ያጣል። ከውሉ በኋላ ስጋቱ ከጨመረም ማሳወቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። ጥቂት ብር አረቦን ለማዳን ሲባል ዓመቱን ሙሉ የከፈሉት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

«ጥፋቱን አንተ ውሰደው»

ወደ ሚኒባሱ እንመለስ። ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ማነው? እሱ ጥፋቱን ይውሰድና ሁላችሁም ትጠገናላችሁ» ይላል። ሌላው፣ «መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነበር የሚነዳው በሉ» ይላል። ጋራዥ ሲደርሱ ደግሞ፣ «የድሮውንም ጭረት አብረን እናስገባው» የሚል አይጠፋም።

ሁሉም ለደግ ነው የሚሉት፤ ሽምግልና ይመስላል። ነገር ግን ለትራፊክ ፖሊስ የሰጡት የሐሰት ቃል በፊርማዎ ተመዝግቦ ይቀራል። ሐሰቱ ሲገለጥ ካሳው ይቀራል፤ ማታለል ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል። በሐሰት የወጣ ካሳ የሚከፈለውም ከሰማይ በወረደ ገንዘብ ሳይሆን እርስዎና እኔ ከምንከፍለው አረቦን ነው።

በቅንነት የሚደረግ እርቅም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድን ሰጪዎ ሳያውቅ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብለው ወይም «ይቅር ብያለሁ» ብለው አይፈርሙ። ድርጅቱ ለእርስዎ ከከፈለ በኋላ አጥፊውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ያን መብት ከዘጉበት ካሳዎን ሊያጡ ይችላሉ። ፎቶ ያንሱ፣ ታርጋ ይመዝግቡ፣ ፖሊስ ይጥሩ፣ በዚያው ቀን ለመድን ድርጅትዎ ይደውሉ። ከዚያ በጽሑፍ ያሳውቁና የደረሰኝ ፊርማ ያለበት ቅጂ ይያዙ።

ካሳ ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛውን የውሉን አንቀጽ እንደጠቀሱም ይዩ። ካላመኑበት ለድርጅቱ ኃላፊዎች፣ ከዚያም መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላሉ። ፍርድ ቤትም አለ፤ አንዳንድ ውሎች ደግሞ አስቀድሞ ወደ ግልግል ዳኝነት ይመራሉ። ብቻ ቀኑን አይርሱ። ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ ና» እየተባሉ ሲመላለሱ ጊዜው እንዳያልፍብዎ።

ዛሬ ማታ

ከእራት በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ፋይሉን ይክፈቱ። አምስት ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ የተመዘገበውን ዋጋ፣ ኤክሰሱን፣ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ዝርዝር፣ መኪናውን እንዲነዱ የተፈቀደላቸው እነማን እንደሆኑ፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን። ስፖኪዮ ቢሰረቅ ይከፈላል? ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ባወጣ በወሩ ቢነዳ ይሸፈናል? መልሱን ካጡት በቀይ ያስምሩበትና ነገ ይደውሉ። ዋጋውን ለማስተካከል እድሳቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልዩነቱን ከፍለው በመሐል ማሻሻል ይቻላል።

ያ ቁጥር ከተስተካከለ፣ ዝናቡ መጥቶ ሚኒባሱ ድንገት ቢቆም እንኳ፣ «ተመስገን፣ ኢንሹራንስ አለኝ» ያሉት ቃል ጋራዥ ሲደርስም እውነት ሆኖ ይቆይዎታል።