የሕዝብ ምርጫና የመንግሥት በጀት
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



በሆሞሻ ወረዳ የሚያገለግል መምህር ደመወዙን በሚቀበልበት ጊዜ ገንዘቡ በስንት ምክር ቤቶች ፈቃድ እንዳለፈ ምናልባት አያስብ ይሆናል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማውን ማከፋፈያ ቀመር ይወስናል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል፤ ከዚያም የክልሉ ምክር ቤት በአሶሳ፣ የወረዳውም ምክር ቤት በሆሞሻ በየድርሻቸው ይደለድሉታል። እንግዲህ ከነዚህ የአንዱ ሥልጣን ያጠራጠረ እንደሆነ የገንዘቡም መንገድ ማጠራጠሩ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ያቀረቡትን በጀት የመሳፍንቱ ምክር ቤት አልቀበልም አለ። ነገሩ ለሕዝብ ቀርቦ በጥር 1910 ምርጫ ተደረገ፤ በጀቱም በሚያዝያ ጸደቀ። በ1911 የወጣው ሕግ ደግሞ መሳፍንቱ የገንዘብ ሕግን እንዳይሽሩ ከለከለ። ክርክሩ የመንግሥት ካዝና ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚል ነበርና ዳኛው ምርጫው ሆነ።

በአገራችን ግን አከራካሪ የሆነው ምርጫው ራሱ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ምርጫ በየ5 ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቆርጦ የነበረው ቀን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲታለፍ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ሕገ መንግሥቱን ተርጕሞ የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። የትግራይ ክልል በበኩሉ ዘመኑ ሊራዘም አይገባም በማለት ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ። ፌዴራሉ ይህን ምርጫ ዋጋ የሌለው ነው ሲል፣ ክልሉም ከመስከረም 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ የፌዴራሉ ሥልጣን አብቅቷል አለ።

ጠቡ ወደ በጀት የተሻገረው በዚህ ጊዜ ነው። መስከረም 27 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የፌዴራሉ መንግሥት ከክልሉ ምክር ቤትና ከአስፈጻሚው ጋር ግንኙነቱን አቋርጦ ከወረዳና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር እንዲሠራ ወሰነ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጦርነት ተነሣ። ብሔራዊው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲደረግ በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም፤ በቤንሻንጉል ጉሙዝም የመተከልና የካማሺ ዞኖች በጸጥታ ጕድለት ቀርተው፣ በክልሉ ቀሪው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የምንረዳው የምርጫ ቀን የበጀትም መሠረት መሆኑን ነው። በጀት የሚጸናው አጽዳቂው ሲታመን፣ አጽዳቂውም የሚታመነው ዘመኑ የሚያበቃበትና የሚራዘምበት ሥርዓት ችግር ከመድረሱ በፊት በግልጽ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር፣ ክርክሩን ያልጀመረው የወረዳ ሠራተኛ ዕዳውን ከሚከፍሉት አንዱ ይሆናል።