ፊደል ወደ ገበያተኛው ሲሄድ

ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ሾላ ገበያ አለ። ቅቤና በርበሬ የምትሸጥ እናት ሂሳቡን በቃሏ አስልታ መልስ ትሰጣለች፤ አትሳሳትም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብሩ መግባቱን የሚነግራት የስልክ መልእክት ነው። ፊደል ካልቆጠረች ጎረቤቷን ማስነበብ ግድ ይሆንባታል።

ኑሮ በሰፋ፣ ተማሪው በበዛ ቁጥር ትምህርትም መልኩን ሲለውጥ ኖሯል።

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናቱ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከቱ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላሉ። ተማሪው ሲበዛ የኔታ ብቻቸውን አይችሉትምና ዳዊት የደገመው ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል። አንድ መምህር ብዙ ልጅ የሚያደርሰው በዚህ ዘዴ ነበር። በኋላ የቡልጋው ተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታን በማተሚያ ቤት አባዙት። ብራና ፍቆ የሚጽፍ እጅ መጠበቅ ቀረና ፊደል በወረቀት ከየኔታ ግቢ ወጥቶ በየቤቱ ገባ።

መንግሥት ከውጭው ዓለም ጋር ሲቀራረብ ደግሞ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አስፈለገው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያሉ ቋንቋዎችን አስተማረ። በኋላም ቀን ሥራ ላይ ለሚውለው ጎልማሳ የማታ ትምህርት ተጀመረ፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ይባል ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ተማሪና መምህር ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወረደ፤ አያቶች በልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ፊት ጠመኔ ጨበጡ። ማስተማሪያው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ከጊዜ በኋላ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ሰው በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ሲማር ቶሎ ይገባዋል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያስዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። ስልክ የሌለው ቤት ልጅ ግን ወደኋላ ቀረ። አዲስ መንገድ ሲከፈት መድረስ የማይችለውን ማሰብ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ዛሬ በሀገሪቱ ያለው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከሥራና ከኑሮ ጋር አያይዞ ያስተምራል። ለሾላ ነጋዴ የሚመቸው ሰዓት ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ የሚመቸው ቦታም ከገበያው የማይርቅ። የየካ ወረዳዎች አንድ ክፍልና አንድ መምህር ለዚያ ሰዓት ይመድቡ፤ የመጀመሪያውም ትምህርት የስልኩን መልእክት ማንበብ ይሁን።