ያለ ስልክ የሚደውል የእጅ ሰዓት፦ በሶሎሎና በሞያሌ ድንበር ምን ያህል ያገለግላል?

ሶሎሎ በሰሜናዊ ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ትገኛለች። የቦረና ማኅበረሰብ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ይኖራል፤ ዘመድ አዝማዱም፣ ገበያውም፣ የግጦሽ መሬቱም በአንድ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳ፣ የከብት ዋጋ መጠየቂያ፣ በክፉ ቀንም እርዳታ መጥሪያ ሆኗል።

ስልኩ ከኪስ ወጥቶ እጅ ላይ ቢታሰርስ? የራሳቸው ሲም ካርድ ያላቸው፣ ያለ ሌላ ስልክ እገዛ የሚደውሉና መልእክት የሚቀበሉ ስማርት ሰዓቶች ከተፈጠሩ ሰነባብተዋል። ሐሳቡ ከብት ለሚነዳ፣ ሞተር ብስክሌት ለሚያሽከረክር፣ ሁለት እጁ በሥራ ለተያዘ ሁሉ ያጓጓል። ችግሩ "ስልክ የሆነ ሰዓት" ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ልዩነቱን ሳያጣሩ መግዛት፣ ከተማ ውስጥ ቅሬታ ብቻ ያስከትል ይሆናል፤ ከመንገድ ርቆ ለሚውል ሰው ግን ጥሪው በሚያስፈልግበት ሰዓት የማይሠራ ዕቃ መታጠቅ ማለት ነው።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሦስት

በገበያ ላይ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ዓይነት በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ነው። ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ስላለው እጅን ወደ አፍ አስጠግቶ ማውራት ይቻላል። ጥሪው የሚያልፈው ግን በስልኩ በኩል ነው። ስልኩ ቤት ቀርቶ ባለቤቱ ከአሥር፣ ከሃያ ሜትር በላይ ከራቀ፣ ሰዓቱ ተራ ሰዓት ይሆናል። ብዙ ሻጮች ይህንኑ ዕቃ "ይደውላል" ብለው ይሸጡታል፤ ውሸት ባይሆንም እውነቱ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው የሲም ካርድ ማስገቢያ ያለው ነው። በዚህ ረድፍ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ዲዜድ09ን የመሰሉ፣ በ2ጂ ብቻ የሚሠሩ ሰዓቶች አሉ፤ በአንድሮይድ የሚሠሩና 4ጂ የሚቀበሉ ወፍራም ሰዓቶችም አሉ። እነዚህ በእርግጥም ራሳቸውን የቻሉ ስልኮች ናቸው።

ሦስተኛው እንደ አፕልና ሳምሰንግ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያመርቱት፣ ካርዱ ከሰዓቱ ጋር ተሠርቶ የሚመጣው ወይም ኢሲም የሚባለው ነው። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን የስልክ ሰዓቱን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1999 አቅርቦ ነበር፤ በ2014 ደግሞ ሲም ካርድ የሚቀበለውን ጊር ኤስን አወጣ። አፕል ያለ ስልክ የሚደውለውን ሲሪስ 3 የተባለ ሰዓቱን ለገበያ ያቀረበው በመስከረም 2017 ነበር።

ውዱ ከርካሹ ያነሰ የሚያገለግልበት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቴሌኮም ኩባንያ ለስልክ ኢሲም መስጠቱ ለሰዓትም ይሰጣል ማለት አይደለም። ሰዓቱና ስልኩ አንድ ቁጥር እንዲጋሩ ኩባንያው በራሱ ሥርዓት ውስጥ የተለየ አገልግሎት መዘርጋት አለበት። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ቮዳኮም "ዋን ነምበር" የሚል አገልግሎት ከፍቶ፣ ወደ አንድ ቁጥር የሚመጣ ጥሪ በስልክም በሰዓትም እንዲጠራ አድርጓል። እንዲህ ያለ አገልግሎት በሌለበት አገር ውዱ ሰዓት ጸሎት፣ እንቅልፍና እርምጃ ይቆጥር ይሆናል እንጂ ብቻውን አይደውልም። የአፕል ሰዓት ደግሞ ሥራ እንዲጀምር መጀመሪያውኑ አይፎን ይፈልጋል፤ ለልጅ ወይም ለአረጋዊ ቢገዛ እንኳ የሚያዋቅረው የቤተሰብ አባል አይፎን ሊኖረው ግድ ነው።

ስለዚህ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ እጅ የተላከ ውድ ሰዓት ከናይሮቢ ገበያ የተገዛ ሲም የሚቀበል ሰዓት የሚሠራውን ላይሠራ ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ። ሰዓቶች የሚሠሩባቸው የሬዲዮ ሞገዶች እንደተመረቱበት ገበያ ይለያያሉ፤ በተለይ በቀደሙት የአፕል ሞዴሎች ለሰሜን አሜሪካ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው አንድ አልነበረም። በኬንያ ሳፋሪኮም ለ4ጂ ከሚጠቀምባቸው መካከል ርቆ የሚሄደው የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ርካሽ የ4ጂ ሰዓት ይህን ሞገድ ካልያዘ፣ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ገጠር ሲወጣ ዝም ይላል። በዕቃው ሳጥን ላይ "ባንድ 20" የሚል መኖሩን ማየት ይበጃል።

2ጂ ብቻ የሚቀበለው ሰዓት በሌላ አገር ዋጋ ያጣ ዕቃ ነው። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ የ2ጂ ኔትወርኩን በጥር 2017 ዘግቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ገጠር ግን 2ጂ አሁንም የድምፅ ጥሪ ዋና ተሸካሚ ስለሆነ፣ ያ የተናቀ ሰዓት እዚህ "ሃሎ" ማለት ይችላል።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ዓይነት ላይ እውነት ነው። የሰዓት አንቴና ትንሽ ነው፤ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚውልም የሰው ገላ ሞገዱን ይውጥበታል። ስልክ ሁለት መስመር ምልክት በሚያሳይበት ኮረብታ ላይ ሰዓት ምንም ላያሳይ ይችላል።

ገንዘቡስ?

ኬንያ ውስጥ ስልክ ሲባል ኤም-ፔሳ አብሮ ይነሣል። አገልግሎቱ በመጋቢት 2007 ከተጀመረ ወዲህ ከፍየል ግዢ እስከ ትምህርት ቤት ክፍያ በእርሱ ያልፋል። በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብር በግንቦት 2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2023 ሥራ ጀምረዋል። ኢንተርኔት የሌለው ተጠቃሚ የሚገባው በኮከብና በመሰላል ምልክት በሚጻፉ አጫጭር ቁጥሮች ወይም ከሲም ካርዱ ጋር በሚመጣ ዝርዝር ነው፤ በኬንያ *334#፣ በቴሌብር *127# ማለት ነው።

ብዙ ሰዓቶች የሚሰናከሉት በዚሁ ነው። የአፕል ሰዓት እነዚህን አጫጭር ቁጥሮች አያስተናግድም። በአንድሮይድ የሚሠሩትና ሲም የሚቀበሉት ሊያስተናግዱ ይችላሉ፤ ሆኖም በጣት ጫፍ በምታህል መስኮት ላይ የሚስጥር ቁጥር መጻፍ፣ የተቀባዩን ስልክ አሥር አሃዝ ሳይሳሳቱ ማስገባት ቀላል አይደለም። የተሳሳተ አንድ አሃዝ ገንዘቡን ለማያውቁት ሰው ይልካል። እንደ እኛ አስተያየት ሰዓቱን ለጥሪና ለመልእክት፣ ስልኩን ለገንዘብ ማድረግ ይሻላል። ሲም ካርዱን ከስልክ አውጥቶ ሰዓት ውስጥ ለማስገባት ያሰበ ሰው ግን ቁጥሩ ላይ ያለው ገንዘብም አብሮ ወደ ሰዓቱ እንደሚሄድ መርሳት የለበትም። ሰዓት ደግሞ ከእጅ ይወልቃል።

ሁለት ማማ፣ አንድ እጅ

ድንበር ላይ ሰዓቱ ራሱ የትኛው አገር እንዳለ ግራ ይጋባል። የሬዲዮ ሞገድ ኬላ አያውቅምና፣ ከኢትዮጵያ በኩል ያለ ማማ ከኬንያው በርትቶ ከተሰማ ሰዓቱ ወደዚያ ሊሻገር ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ጥሪው ይቋረጣል፣ ወይ በሮሚንግ ታሪፍ ይቆጠራል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በ2014 የድንበር ዘለል ጥሪን ዋጋ የሚቀንስ የጋራ ስምምነት ጀምረዋል፤ ኢትዮጵያ ግን ከጀማሪዎቹ መካከል አልነበረችም። በስልክ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኔትወርኩን በእጅ መርጦ መቆለፍ፣ ሮሚንግን መዝጋት። ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ይህ ምርጫ የላቸውም። ከዚህም ሌላ፣ በሁለቱ ሞያሌዎች መካከል የሚመላለስ ነጋዴ የሁለቱንም አገር ሲም መያዝ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ሰዓቶች የሚቀበሉት ግን አንድ ብቻ ነው።

የአደጋ ጊዜ ጥሪም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በኬንያ 999 እና 112፣ በኢትዮጵያ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በልጆችና በአረጋውያን ሰዓቶች ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደውለው አስቀድሞ ወደተመዘገቡ የቤተሰብ ቁጥሮች ነው። ለሶሎሎ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሞተር ይዞ ቶሎ የሚደርሰው አጎት ወይም ጎረቤት ነውና። ቁጥሮቹ በአገር መለያ መጀመራቸውን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል፦ +254 ወይም +251። ሰዓቱ ሳይታወቅ ድንበሩን ከተሻገረ፣ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር የትም አይደርስም።

መብራትና ባትሪ

ስልክ የሆነ ሰዓት ቶሎ ይራባል። አፕል ለመጀመሪያው ባለ4ጂ ሰዓቱ የሰጠው የንግግር ጊዜ፣ ያለ ስልክ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ኔትወርክ በሳሳበት ቦታ ሰዓቱ ማማ ሲፈልግ ስለሚውል ባትሪው ሳይወራበትም ያልቃል። የኬንያዋ ሞያሌ ከተማ መብራቷን ከኢትዮጵያ ስታገኝ ኖራለች፤ በማርሳቢት ካውንቲም 310 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ይገኛል። ይሁን እንጂ ኃይሉ በረጅም መስመር ወደ መሀል አገር ይሄዳል፤ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት የሚተማመነው በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ሰዓቶች የየራሳቸው መግነጢሳዊ ቻርጀር ስላላቸው፣ ያ ገመድ ከጠፋ ከጎረቤት መዋስ አይቻልም። ሌሊት ቻርጅ አድርጎ፣ ቀን ማማ ከሌለበት ስፍራ ሲደርሱ በአውሮፕላን ሁነታ ማቆየት ዕድሜውን ያራዝመዋል።

በልጅ እጅ ላይ

ልጁን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ግጦሽ የላከ ወላጅ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ሰዓት ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን የት እንዳለ የሚያውቀው ወላጁ ብቻ ላይሆን ይችላል። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት በጥቅምት 2017 አንዳንድ የልጆች ሰዓቶች ባዕድ ሰው አካባቢያቸውን ሊከታተልባቸው እንደሚችል ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ወር ጀርመን በድብቅ ማዳመጥ የሚያስችሉ የልጆች ሰዓቶችን ከለከለች። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ኤኖክስ የተባለ ኩባንያ ያቀረበውን የልጆች ሰዓት ከገበያ እንዲሰበሰብ አስጠንቅቋል፤ መረጃው ሳይመሰጠር ይተላለፍ ነበርና። ሰዓቱ ሲገዛ የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያው መቀየር፣ ያልተመዘገበ ቁጥር እንዳይደውል መዝጋት፣ መተግበሪያውን ከማይታወቅ አድራሻ አለማውረድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው።

ስንት ሰዓት ነው?

ርካሽ ሰዓቶች የአማርኛን ፊደል ስለማያውቁ በግዕዝ የተጻፈ መልእክት ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይመጣባቸዋል። ከመግዛት በፊት አንድ የአማርኛ መልእክት ልኮ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ግን ሰዓቱ ራሱ የሚነግረው ሰዓት ነው። ኬንያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ከዚህም በላይ አማርኛም ስዋሂሊም ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የእኛ "አንድ ሰዓት" የስዋሂሊው "ሳ ሞጃ" ነው። ሰዓቱ ግን በዚያ ጊዜ 7፡00 ይላል። አንዳንዶች ይህን ለማስተካከል የሰዓት ክልሉን በስድስት ሰዓት ያዛንፋሉ። እንዲህ ሲደረግ ቁጥሩ ከልማድ ጋር ይገጥማል፤ የጥሪና የመልእክት መዝገቡ፣ ማንቂያው፣ ከኢንተርኔት የሚመጣው ቀጠሮ ሁሉ ግን አብሮ ይዛነፋል፤ አንዳንድ መተግበሪያዎችም ሰዓቱ ተሳስቷል ብለው ለመክፈት እምቢ ይላሉ። የተሻለው መንገድ የሰዓት ክልሉን እንዳለ ትቶ፣ ከተገኘ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይ የሰዓት ገጽታ መጫን፣ ካልተገኘም ባለመርፌ ገጽታ መርጦ እንደ ቀድሞው ግድግዳ ሰዓት በተቃራኒው ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው።